143 ባጅ ሰጥተን ሁሉንም ያጣነው በአንድ ዶሜይን ክፍያ ነው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስድስት ባለሙያዎች በሽርክና ተመዝግባችሁ፣ ገቢውን እኩል እየተካፈላችሁ፣ ለገጠር የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የኮምፒውተርና የስልክ አጠቃቀም ልታሠለጥኑ እንደሆነ ጽፈዋል፤ ለሠልጣኞቹ ዲጂታል ባጅ (የሥልጠና ምስክርነት በውስጡ የተጻፈበት የኮምፒውተር ሥዕል) ለመስጠት የትኛው መድረክ፣ ማለትም ባጁ የሚዘጋጅበት ድረ ገጽ፣ እንደሚሻልም ጠይቀዋል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እንደ እናንተ ነበርን፤ ቁጥራችን እንኳ ስድስት ነበር። ስለ ንግድ ፈቃዱና ስለ ግብሩ የዚህ ቡድን ሌሎች አባላት በቂ ስለጻፉ እሱን ልለፈውና፣ እኛን ያቃጠለንን ብቻ በቁጥር ላስቀምጥ።

1. ዶሜይኑን (የድረ ገጻችሁን አድራሻ ስም) በሽርክና ማኅበራችሁ ስም ይግዙ፤ የሚታደስበትን ቀን ከስድስታችሁ ቢያንስ ሦስታችሁ እወቁት። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፤ እኛን ግን ዋጋ ያስከፈለን እሱ ነው። ኦፕን ባጅስ የሚባለውን የዲጂታል ባጅ የጋራ መስፈርት የፋየርፎክስ አሳሽ ሠሪው ሞዚላ በ2011 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ አሁን ዋን ኤድቴክ ተብሎ የሚጠራው ድርጅት ያስተዳድረዋል። ባጁ በውጭ ሲያዩት ተራ ሥዕል ነው፤ በውስጡ ግን ማን እንደሰጠው፣ ለማን እንደተሰጠና በምን ማስረጃ እንደተሰጠ ተጽፎበታል። እኛ በተጠቀምንበት አሠራር እውነተኛነቱ የሚጣራው በሰጪው ድረ ገጽ ላይ ያለ አንድ አድራሻ ተጠይቆ ነው። አድራሻው ከሞተ ባጁም ይሞታል።

ዶሜይኑን የገዛነው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትኖር የአንዱ ባልደረባችን እህት ካርድ ነበር፤ በወቅቱ ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል ምን ያህል አበሳ እንደነበር ያየ ያውቀዋል። የዓመቱ ክፍያ ከ15 ዶላር አይበልጥም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ባንኳ ካርዷን ቀየረላት፤ የማደሻው ክፍያም ሳይከፈል ቀረ። የማስታወሻው መልእክት ደግሞ ቀደም ብሎ ከእኛ ተለይቶ በሄደው ባልደረባ ኢሜይል ነበር የሚመጣው፤ እሱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነውም። ዘግይቶ ለማደስ የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ሲያልፍ ዶሜይኑን ሌላ ሰው ገዛው።

ይህን የሰማነው ከአንዲት ሠልጣኛችን ነው። በማኅበሯ ገንዘብ ያዥ ሆና ትሠራ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጸሐፊነት የወጣ ማስታወቂያ አይታ፣ ባጇን ከነኪውአር ኮዱ በቀለም አሳትማ፣ በላስቲክ አስለብጣ ሄደች። የሰው ኃይል ሠራተኛው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ማኅተሙስ?» አላት። እሷም እኛ እንዳስተማርናት «ኮዱን በስልክዎ ያንሱት፤ ሁሉም ነገር ይወጣል» አለችው። አነሳው። የወጣው የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ነበር። ሰውየው ስልኩን ወደ ተሰለፈው ሰው አዙሮ እያሳየ «ቁማር ነው እንዴ የሠለጠንሽው?» አለ፤ ሰዉም ሳቀ። በማግስቱ ደውላ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሳምንቱ እኔው ራሴ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ከቆምኩ በኋላ፣ ሰውየው ከሻዩ ቀና እንኳ ሳይል «ክብ ማኅተም የሌለው ወረቀት ለእኔ ወረቀት አይደለም» ብሎ ሸኘኝ። ምግባሩን እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ሰውን በሰልፍ ፊት ማዋረድ ምንም ዓይነት ደንብ አይፈቅድለትም። ነገር ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ለማጣራት ሞክሮ ያላገኘው ነገር እውነት የሌለ ነገር ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። በሁለት ዓመት የሰጠነው 143 ባጅ በሙሉ አንድ ላይ ወድቆ ነበር።

2. ባጁን በቴሌግራም ሲልኩ በፎቶ መልክ አይላኩ፤ በፋይል መልክ ይላኩ። ቴሌግራም ፎቶውን ሲያሳንሰው በውስጡ የተጻፈው መረጃ አብሮ ይጠፋል። ከ143ቱ ሠልጣኞች የመጀመሪያው ፋይል በእጃቸው የተገኘው 9 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ያስቀመጡት ባዶ ሥዕሉን ነው። የምስክርነቱን ዝርዝር ከስም መጥሪያውና ከተግባር ሥራዎቻቸው እየለቀምን መልሰን ለማዘጋጀት አራት ወር ፈጀብን፤ ለዚያም ሥራ ሳንቲም የከፈለን የለም።

3. ለባጁ የሚያስፈልገውን የሠልጣኞች ኢሜይል በሥልጠናው ዕለት አይክፈቱላቸው። እኛ በአሠልጣኙ ስልክ ቁጥር እያረጋገጥን በየተራ ከፈትንላቸው፤ ጥቂት ከሄድን በኋላ ያ ቁጥር አልቀበልም አለ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ግማሹ የይለፍ ቃሉን ረስቶ፣ የማስመለሻው ኮድ ሌሊት ሌሊት በአሠልጣኙ ስልክ ይገባ ጀመር። (በነገራችን ላይ «ባጅ እንሰጣችኋለን» ስንል አንድ አባት «የአንገቱ ማንጠልጠያ አብሮ ነው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ስሙን ያኔውኑ መቀየር ነበረብን።)

4. አራተኛው ስለ መመዘኛ ነው፤ ግን የአንድን ሰው ታሪክ ሳልነግርዎ ምክሩ ብቻውን ትርጉም አይሰጥም። ከሠለጠኑት ማኅበራት በአንዱ የሒሳብ ሹም የሆኑ፣ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማሩ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ያለፈ ሰው ነበሩ። በእኛ ፈተና ወደቁ፤ ማውሱን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን አቃታቸው፣ ፋይሉንም በታዘዘበት ቦታ አላስቀመጡም። እኛም «ገና ነው» ብለን ያለ ባጅ ሸኘናቸው። በዚያው ሰሞን የብድር ወለዱን በቀን የሚያሰላ የኤክሴል ቅጽ በታላቅ ኩራት ለማኅበሩ አስረክበን ነበር። በሁለተኛው ወር አዛውንቱ ሰማያዊውን የእጅ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ቢሯችን ድረስ መጡና፣ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ መስከረም ከመቼ ወዲህ ነው 31 ቀን የሆነው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ያለውን ጊዜ 1/1 እና 1/2 ብለን ስናስገባ፣ እሱ የፈረንጆቹን የመጀመሪያ ወር ቆጥሮ 31 ቀን ይላል፤ ተበዳሪው የአንድ ቀን ወለድ ያለ ዕዳው ይከፍላል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለው ሲጽፉለት ደግሞ በእሱ ቆጠራ ሁለተኛው ወር 30 ቀን ስለሌለው፣ ቀን መሆኑ ቀርቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል። አዛውንቱ ይህንንም አይተውት ነበር፤ «ይሄኛው ከወንድሞቹ ተለይቶ ወዲያ ጥግ ቆሟል» ነበር ያሉት። መፍትሔውንም የሰጡን እሳቸው ናቸው፤ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለይቶ መጻፍ፣ የወሩን ልዩነት በ30 ማባዛት፣ የቀኑን ልዩነት መደመር፣ ዓመት ሲሻገር ደግሞ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መጨመር። የእኛ ወሮች እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ከፈረንጆቹ ይልቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በዲግሪ የተመረቅን ስድስት ሰዎች ግን ይህን አላሰብነውም። ከዚያ በኋላ እኚህ ሰው በአካባቢው ያሉ የስምንት ማኅበራትን ሒሳብ ሠራተኞች በየገበያ ቀኑ እየተቀመጡ አስተማሩ። ባጅ አልነበራቸውም።

ከዚህ በኋላ መመዘኛችንን ቀየርነው። አሁን አንድ ሰው ዕውቅና የሚያገኘው በእኛ ፈተና ሳይሆን፣ ከእሱ የተማሩ ቢያንስ ሦስት የማኅበር አባላት ምን እንዳስተማራቸውና በሥራቸው ላይ ምን እንደተለወጠ ቀርበው ሲመሰክሩ ነው። ምስክርነቱ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይነበባል፣ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ የማኅበሩ ክብ ማኅተምም ያርፍበታል። አንድ ሊቀ መንበር «ይህ ከብድርና ከቁጠባ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው አጀንዳ ለማስያዝ እምቢ ብለውን ነበር፤ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት በ1995 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ መሆኑን ስናሳያቸው ግን፣ ራሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለጉባኤው አነበቡት።

ዲጂታሉን አልተውነውም። ወደ ሦስተኛው የኦፕን ባጅስ ዕትም ተሻግረናል፤ በእሱ ምስክርነቱ በሰጪው ዲጂታል ፊርማ ታትሞ በባለቤቱ እጅ ስለሚቀመጥ፣ የእኛ ድረ ገጽ ቢዘጋም ሊጣራ ይችላል፤ የፊርማው ማጣሪያ ቁልፍ (ፊርማው በእርግጥ የሰጪው መሆኑ የሚረጋገጥበት ኮድ) ግን እንደገና በአንድ ዶሜይን ላይ እንዳይንጠለጠል ሲያዘጋጁ ይጠንቀቁ። በወረቀቱና በፋይሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ቃል በቃል አንድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ማኅተሙን ያያል፣ የውጭ አገር ቀጣሪ ኮዱን ያነሣል፤ ማንም በማንም ላይ በሰልፍ ፊት አያስቅም።

ስለዚህ የጠየቁኝን የመድረክ ስም አልሰጠሁዎትም፤ ለእናንተ ሥራ የመድረኩ ምርጫ የመጨረሻው ጉዳይ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሠልጣኞቻችሁ ወረቀቱን ይዘው የሚሄዱባቸውን ሁለት ሦስት ቢሮዎች እራስዎ ሄደው «ምን ብናመጣ ትቀበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሊያመናጭቁዎት ይችላሉና ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሰልፍ ሳይበዛ ይሂዱ። የምንጠቀምበትን የቃለ ጉባኤ ቅጽና አዛውንቱ ያረሙትን የወለድ ማስሊያ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ በፋይል መልክ እልክልዎታለሁ።