የመጀመሪያ ካሜራ ለወፍና ለጫካ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ አነሳለሁ፤ እሁድ ግን የወፍ ነኝ። ባለፈው እሁድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስናነሳ አርፍደን ሻይ ቤት ገባን። አዲስ የመጡት ጥያቄ አዘነቡብኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ መለስኩ። ያልመጡትም እንዲያነቡት ይኸው ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች ነው። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳፍረኛል።

ጋሼ፣ ብሬ ትንሽ ነው። ኒኮን ይሻለኛል ካኖን?

በዚህ ጉዳይ የሚጣሉ ሰዎች አሉ፤ አንተ አትግባበት። ጓደኛህ ወይም ዘመድህ ካኖን ካለው ካኖን ግዛ። ሌንስ ትዋዋሳላችሁ፤ ይሄ ከሁሉም ልዩነት ይበልጣል። ስም ጥራ ካልከኝ፣ ከኒኮን ዲ3500፣ ዲ5300 ወይም ዲ5600፤ ከካኖን 200ዲ ወይም 250ዲ። ሁሉም 24 ሜጋፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች ብዛት፣ በሚሊዮን) ገደማ ናቸው። እኔ ለዲ3500 አደላለሁ። በ2018 የወጣ ነው፤ ባትሪው አንዴ ሲሞላ በፋብሪካው ልኬት 1,550 ፎቶ ያነሳል። ማታ መብራት ጠፍቶ ጠዋት ለሚወጣ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ካኖን 4000ዲን ግን እለፈው። ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ከበድ ያለ ሌንስ ስሰቅልበት ልቤ አይረጋም።

የስልኬ ካሜራ 108 ሜጋፒክስል ነው። 24 አያንስም?

አያንስም። ዋናው ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። የስልክህ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የነዚህ ካሜራዎች ወርዱ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ጫካ ውስጥ ጨለም ሲል ልዩነቱን ታየዋለህ።

አብሮት የሚመጣው ሌንስ አይበቃም?

አብሮት የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ሩቁን ያቀርባል። ለእንጦጦ ጭጋግና ለአደይ አበባ 18-55ቱ ይበቃል። ለወፍ በጭራሽ። አንዷ ልጅ በሱ ዝይ አንስታ አሳየችኝ፤ ዝይዋ የሰሊጥ ፍሬ አክላለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አብዛኛው ሰው ብሩን ሁሉ ቦዲው (ሌንስ የሌለው ካሜራው) ላይ ይጨርስና ለሌንስ ባዶ ኪስ ይቀራል። እኔ ብሆን ካለኝ 10 ብር 4ቱን ለቦዲ፣ 6ቱን ለሌንስ አደርጋለሁ። የ2013ቱ ዲ5300 ከጥሩ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ ከአዲስ ቦዲና ከ18-55 የተሻለ ወፍ ያነሳል።

ለካኖን 55-250 ኤስቲኤም የሚለውን ፈልጉ። ቀላል ነው፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ለኒኮን ኤኤፍ-ፒ 70-300፣ ቪአር የሚል የተጻፈበትን። ቪአር የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው ነው፤ የሌለውም ስለሚሸጥ ጽሑፉን አንብቡ። ሴንሰሩ ከድሮው ፊልም ስለሚያንስ ምስሉ ይቀርባል፦ የኒኮኑ 300 እንደ 450፣ የካኖኑ 250 እንደ 400 ሆኖ ያሳያል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፣ ሁለቱም ኒኮን ላይ። ኤኤፍ-ፒ ሌንስ በዲ3200ና ከሱ በፊት በነበሩት ዲ3100ና ዲ3000 ላይ ፎከስ አያደርግም፤ ማለትም ምስሉን አያጠራም። ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የድሮ ሌንሶች ደግሞ ዲ3500ና ዲ5600 ላይ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም፤ ሞተሩ ከቦዲው መምጣት አለበት፣ እነዚህ ቦዲዎች ደግሞ የላቸውም። ሻጩ «ሁሉም ይገጥማል» ይላችኋል። መግጠሙስ ይገጥማል።

ለልጄ ያገለገለ ልገዛለት ነው። እንዳልታለል ምን ልይ?

እናቴ፣ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። እኔ ሳልይዝ ሄጄ ተምሬበታለሁ። ሌንሱ ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ቤት ገብቼ በኋላው በኩል ባበራበት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ስለዚህ እዚያው ቆመው ያብሩበት።

ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 (የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበው) ያንሱና ምስሉን አጉልተው ይዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ዋጋ መቀነሻ ይሁንዎት። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተከፈተም ይጠይቁ። ለጀማሪ ካሜራ 100,000 ገደማ እንደ ዕድሜው ይቆጠራል። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ ልጅዎ በኮምፒውተር ያወጣዋል። የሰርግ ካሜራ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ እኛ በአንድ ቀን 2,000 ጊዜ የምንጫን ሰዎች ነን።

ዲኤስኤልአር እኮ ቀርቷል ይባላል?

እውነት ነው። ዲኤስኤልአር እስካሁን የጠቀስኳቸው፣ በመስታወት የሚያሳዩት ካሜራዎች ናቸው። ካኖንም ኒኮንም አዲስ ዲኤስኤልአር ካወጡ ቆዩ፤ የመጨረሻዎቹ በ2020 የወጡት ናቸው። ያገለገለው የረከሰውም ለዚህ ነው። ብር ካለህ መስታወት የሌለውን፣ ሚረርለስ የሚባለውን ግዛ፣ አልከራከርህም። የዲኤስኤልአር መመልከቻ ግን መስታወት ስለሆነ አንድ ሰዓት አድፍጠህ ብታይበት ባትሪህ ብዙም አይነካም።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) የግድ ነው?

አይደለም። ከረጢት ሽምብራ ሙላና የመኪና መስኮት ላይ ሌንሱን አስደግፍ። መኪናዋ መደበቂያም ትሆንሃለች፤ ወፍ ከሰው ይሸሻል እንጂ ከቆመ መኪና ብዙም አይሸሽም።

የመጀመሪያ ቀን ካሜራውን ምን ላይ ላድርገው?

ኒኮን ከሆነ ኤስ፣ ካኖን ከሆነ ቲቪ ላይ፤ የሹተሩን ፍጥነት አንተ የምትመርጥበት ነው። ለሚበር ወፍ ከ1/1000 ሰከንድ ፍጥነት አትውረድ። አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለራሱ ተውለት፣ ጣሪያውን 3200 አድርግ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል አንሳ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ስለሚከር ሻይ እንጠጣለን።

ሱሉልታ ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማትገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ታገኛለህ። አንገቷን ጀርባዋ ላይ አጥፋ ረግረጉ ውስጥ ስትቆም ግራጫ ነገር ብቻ ናት። ሰማያዊው ጎልቶ የሚታየው ስትነሳ ነው። ጣትህ መጫኛው ላይ ይቆይ። አታባራት ግን፤ ድንጋይ ወርውሮ የሚያስነሳ ካየሁ አብሮኝ አይሄድም።

ክረምት ላይ እንዴት ላስቀምጠው?

ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ አትርሳው፤ ሻጋታ የሚወደው ይሄንኑ ነው። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገውና አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምርበት። ውርጭ ላይ ቆይተህ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ስትገባ ደግሞ ሌንሱ ያልበዋል። በር ላይ ፌስታል ውስጥ ከተህ ቋጥረው። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ከወፍ ሌላስ?

መናገሻ ሱባ ጫካ። ጉሬዛ አለ፣ ከቀናህ የምኒልክ ድኩላም ይወጣልሃል። ጉሬዛ አስቸጋሪ ነው፦ ካሜራው ጥቁሩን ጸጉር አይቶ ምስሉን ያበራዋል፣ ነጩ ጸጉር ወረቀት ይመስላል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ -1 አውርደው። መግቢያ ይከፈላል። ገፈርሳና ለገዳዲ ግን የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድቦች ስለሆኑ፣ ካሜራ ከቦርሳ ከማውጣትህ በፊት ጥበቃውን ሰላም ብለህ አስፈቅድ። እምቢ ካለ አመስግነህ ወደ ሱሉልታ ና፤ እኛ እዚያው ነን።