ትምህርቱን ልተወውና አሮጌ መኪና ማደስ ልግባበት ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነሽ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ከአያትሽ የተረፈችውን የ1954 ሼቭሮሌት 3100 ፒካፕ እየፈታሽ ነው፣ የድሮውን ሞተር አውጥተሽ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር) ልትከቺባት አስበሻል፣ ብየዳ ያስደስትሻል ኤሌክትሪክ ግን ይሰለችሻል፣ እና ትምህርቱን ትቼ የራሴን ጋራዥ ልክፈት ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔ አትተይ ነው የምልሽ፣ ግን ዲግሪ ይከበራል ምናምን ብዬ አይደለም። ግቢሽ ውስጥ የምትሰሪው ስራ ራሱ ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ነው፣ አንቺ ግን እንደ ትርፍ ሰዓት ጨዋታ እያየሽው ነው።

እስቲ ቪ8 እከታለሁ ያልሽውን እንየው፣ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው በ235 ኪዩቢክ ኢንች (3.9 ሊትር ገደማ) ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና በ6 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ካርዳኗ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ) ደግሞ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) እስከ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎቹ እስከሚያካፍለው) ቱቦ ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ አዲስ ካምቢዮ ዝም ብሎ አይገጥምላትም፣ ስለዚህ ዲፈረንሻሉም ይቀየራል ማለት ነው፣ ዲፈረንሻሉ ከተቀየረ የኋላው ፍሬን አብሮ ይቀየራል፣ ጉልበቱ ሲጨምር ደግሞ የፊቱም ፍሬን አይበቃም። የድሮው ፍሬን አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር (ከበሮ መሰል ፍሬን) ሆኖ በአንድ መስመር ነው የሚሰራው፣ አንድ ጎማ ዘንድ ያለው ቱቦ ከፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም፣ ስለዚህ ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ያስፈልግሻል። የፊቱን ዲስክ ካደረግሽው ሌላ ነገር ይመጣል፣ በዚች መኪና ማስተር ሲሊንደሩ ያለው ከወለሉ ስር ስለሆነ ዘይቱ ከላይ ካለው ዲስክ ወደ ታች ይመለሳል፣ እሱን ለመያዝ በዲስኩ መስመር ላይ 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በታምቡሩ ላይ 10 ፒኤስአይ የሚያስቀር ቫልቭ ይገባል። 12 ቮልቱን፣ ራዲያተሩን፣ የሞተር መቀመጫውን፣ መሪው ከጭስ ማውጫው ጋር የሚጋጭበትን ገና አልነካሁትም።

እና ኢንተርንሺፕ ስትጠይቂ ይዘሽ የምትቀርቢው ይሄንን ነው፣ ቀለም ተቀብታ የምታብረቀርቅ መኪና ፎቶ አይደለም። ያንን ሁሉም ሰው አለው። ይሄን ከቀየርኩ ያ ይቀየራል ያልሽበትን ወረቀት፣ የለካሽውን፣ የሳልሽውን የኤሌክትሪክ መስመር (አዎ የሚሰለችሽን)፣ ብየዳሽ ከመፋቁ በፊት የተነሳ ፎቶ፣ ያሰብሽው አልሆን ብሎ የቀየርሽበትን ምክንያት ጨምሪበት። እኔ ቀጣሪ ብሆን ፍሬኑ ላይ ነበር የምጠይቅሽ፣ የፈረስ ጉልበቱ ብዙም አይገርመኝም።

ወደ ጋራዡ ስንመጣ፣ የማደስ ጋራዥ የሚሸጠው ሰዓት ነው። ደንበኛ መኪና ያመጣል፣ ወለሉ ትንሽ ዝጓል ይልሻል፣ አንቺ በሳምንት እጨርሳለሁ ትያለሽ፣ ቀለሙን ስትፍቂው ከስር ወፍራም ስቱኮ፣ ከስቱኮው ስር ደግሞ ላሜራ የሚባል ነገር የለም፣ የካቢኑ ማእዘን በሙሉ አልቋል፣ ሳምንቱ ወር ይሆናል የተስማማችሁበት ሂሳብ ግን ያው ነው። የራስሽን መኪና ስትሰሪ ይሄን አትማሪውም ምክንያቱም ቀን የሚቆጥርብሽ የለም፣ ደስ ሲልሽ ትሰሪያለሽ ሲደክምሽ ሸራ ታለብሻታለሽ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ፣ እያንዳንዱን ስራ ከመጀመርሽ በፊት ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለሽ ገምቺ፣ ሲያልቅ የፈጀውን ከጎኑ ጻፊ። ግምትሽ ከእውነታው ጋር መቀራረብ እስኪጀምር ድረስ ለሰው ዋጋ መስጠት አትችዪም፣ በቃ።

ሌላው፣ ማደስ አንድ ሙያ አይደለም። ባትላሜራ፣ በያጅ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የሞተር ሰው፣ ቀለም ቀቢ አንድ ላይ ነው፣ ጋራዦችም የሚቀጥሩት አንዱን በደንብ የሚችል ሰው ነው እንጂ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የነካካ አይደለም። አንቺ ብየዳውን ወደሽዋል፣ ያዢው። በክረምት እረፍትሽ የአውቶብስ ቦዲ የሚሰራበት ወይም የብረት ስራ ያለበት ቦታ ገብተሽ ስሪ፣ ቀጭን ላሜራ ላይ ነጥብ ነጥብ እያደረግሽ፣ ቦታ እየቀያየርሽ፣ እስኪበርድ እየጠበቅሽ መበየድ እዚያ እጅሽ ላይ ይገባል፣ በአንድ ትንፋሽ ዳር እስከ ዳር ከበየድሽው ላሜራው ይጣመማል።

ሞተሩን ካወጣሽ ደግሞ እባክሽ አትጣዪው፣ ብሎኑን ሁሉ ላስቲክ ውስጥ አድርገሽ ስም ጻፊበት፣ ሀሳብሽ ሊቀየር ይችላል። እኔን ከጠየቅሽኝ እንደውም ያንኑ ስድስት ሲሊንደር ነበር የማድሰው፣ ግን መኪናዋ ያንቺ ናት።

እጅሽንና ሳንባሽን ይዘሽ ነው ስራ የምትገቢው፣ ስለዚህ የድሮ ፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፊ፣ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ነገር ሊኖረው ይችላል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው የወረቀት ማስክ አያድንሽም፣ ንጹህ አየር በቱቦ የሚመጣበት ማስክ ከሌለሽ ቀለሙን ለባለሙያ ስጪው። የነዳጅ ታንክ ባዶ ነው ብለሽ እንዳትበይጂ፣ ባዶው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነው የሚፈነዳው። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስርም አትግቢ፣ ስታንድ ይግባበት።

የሁለት ወር ደብተር ሲኖርሽ ላኪልኝ፣ የጋራዡን ነገር ያኔ ቁጥር ይዘን እናወራዋለን።