ይድረስ አስለቃሽ ፊልም መሥራት ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በሁለቱ ከተሞቻችን ስልክም ካሜራም ይዞ አጭር ፊልም የሚሠራው ወጣት በዝቷል፤ ደስ ይላል። ከምትሠሩት አብዛኛው ተመልካች ለማስለቀስ የታሰበ ነው። ግን ፊልሙ ሲጀምር ሰው ሞቷል፣ እናት ደረቷን እየመታች ትጮኻለች፣ ከኢንተርኔት የወረደ ፒያኖ ይሰማል፤ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው ግን ዓይኑ ደረቅ ነው። ጥፋቱ የተዋናይዋ ብቻ አይደለም። የሞተውን ሰው አናውቀውም። እንባ የሚዘጋጀው ከሐዘኑ ትዕይንት በፊት ነው፤ ያኔ ያልተዘጋጀውን በኋላ ካሜራም ሙዚቃም አያመጣውም።

እኛ አገር ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል። ሆዱ የሚባባው አልቃሿ ስለ ሟቹ አንድ ትንሽ ነገር ስታነሣ ነው፤ ከዘራውን የሚያስደግፍበትን ጥግ፣ ከደጅ ሲገባ የሚያሰማትን ሳል። ድርሰታችሁም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ አንድ ነገር ነው። አሥር አያስፈልገውም፤ አንድ ይበቃል።

የ15 ደቂቃ ፊልም ብትጽፉ ድርሰቱ 15 ገጽ ገደማ ይሆናል፤ አንድ ገጽ በአማካይ አንድ ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 9 ወይም 10 ገጾች ያለ እንባ ሥሯቸው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አባት አለ እንበል። ጠዋት ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ለሁለት ይቆርስና ትልቁን ለልጁ ይሰጣል። መጀመሪያ ይህን እንደ ተራ ነገር አሳዩት፤ 20 ሰከንድ ይበቃዋል፤ የሚያወሩትም ስለ ሌላ ነገር ይሁን፤ ስለ ደብተር ወይም ስለ ጫማ። ሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ይለወጥ፦ ልጅቱ አድጋለች፣ ዳቦውን ራሷ ቆርሳ ትልቁን ለእሱ ትሰጠዋለች፣ እሱም ልብ እንዳላለ ሆኖ ይቀበላታል። ሦስተኛው ላይ አባትየው የለም። ልጅቱ ዳቦ ገዝታ ትገባለች፣ ለሁለት ትቆርሳለች፣ ትልቁን ጋዜጣው ላይ ታስቀምጣለች። ሌላ ምንም አትጨምሩ።

ብዙ ፊልም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ «ተመልካቹ ባይገባውስ?» ብሎ ይፈራና የአባትየውን ምስል በትዝታ መልክ ይመልሳል፤ ወይም ልጅቱን «አባዬ እኮ ሁልጊዜ ትልቁን ለኔ ነበር የሚሰጠኝ» ያሰኛታል። ተመልካቹ ነገሩን ራሱ ሲደርስበት ያለቅሳል፤ ሲነገረው ግን «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ያልፋል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዳቦ መካከል ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይኑር። ከተቀራረቡ ሆን ተብሎ የተጠመደ መሆኑ ይታወቅባችኋል።

ስለ ማስለቀስ የሚታወቅ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በቤተ ሙከራ ስሜት ለመቀስቀስ የሚያገለግሉ የፊልም ቁራጮችን መርጠው አወጡ። ለሐዘን ከመረጧቸው አንዱ «ዘ ቻምፕ» ከተባለው የ1979 ፊልም የተወሰደ ነው፤ ቦክሰኛው አባት በትንሽ ልጁ ፊት ይሞታል። ቁራጩ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ልጁ በእርግጥ ያለቅሳል፤ ግን እያለቀሰ ሥራ ይዟል። አባቱን ይቀሰቅሰዋል፣ ተነሥ ወደ ቤት እንሂድ ይለዋል፣ ሞቷል የሚሉትን ትልልቅ ሰዎች አልሰማ ይላል። የሚያስለቅሰን የማይሆነውን እንዲሆን መታገሉ ነው። ልጁን ጥግ ላይ አስቀምጣችሁ ሦስት ደቂቃ ብታስለቅሱት ኖሮ አንደኛው ደቂቃ ላይ ይሰለቸን ነበር።

ሞት ደግሞ ግዴታ አይደለም። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 በሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ማንም አይሞትም። አባት ለሥራ የሚያስፈልገውን ብስክሌት ይሰረቃል፣ ቸግሮት እሱም ሊሰርቅ ሲሞክር ልጁ እያየው ይያዛል። መጨረሻ ላይ ልጁ የአባቱን እጅ ይይዛል። ዋናውን ሰው የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ ሙያው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጦ «ተዋናይ የለንም» ማለት አያዋጣም። በሚወዱት ሰው ፊት መዋረድ፣ ካልጠበቁት ሰው ደግነት ማግኘት፣ ሳይታረቁ ዘግይቶ መድረስ፤ እነዚህ ከሞት ባልተናነሰ ያስለቅሳሉ፣ ለመቅረጽም ቀላል ናቸው። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ደግነቱን ነው። መከራውን ችሎ ያየ ተመልካች፣ የቅሬው (የእድሩ) ሴቶች ሳይጠሩ ውኃና እንጨት ተሸክመው ሲገቡ ሲያይ ይሸነፋል።

ወደ ትወናው እንምጣ። ድርሰቱ ላይ «ታለቅሳለች» ብላችሁ አትጻፉ። እጇ ምን እንደሚሠራ ጻፉ። እናት ቡና እየቆላች የልጇን መርዶ ሰማች እንበል። መቁያውን አትጥል፣ አትጩህ። ቡናው እንዳያር ማማሰሏን ትቀጥል፤ ከቆየች በኋላ «ምሳውን በልቶ ነበር?» ብላ ትጠይቅ፤ ጭሱ ይብዛ፣ እጇ ግን አይቁም። ለማልቀስ የምትታገልን ተዋናይ ሰው ቁጭ ብሎ ያያታል፤ ላለማልቀስ ከምትታገለው ጋር ግን አብሮ ይታገላል፣ እሷ ያመቀችውን እሱ ያለቅስላታል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። «የሞተብህን ሰው አስብና አልቅስ» የሚል ዳይሬክተር አትሁኑ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ የብዙውን ቤት ሐዘን አድርጎታል፤ አጠገባችሁ የቆመው ልጅ ምን እንደተሸከመ አታውቁም። ቁስሉን ከነካችሁበት አንድ ቴክ (አንድ ጊዜ የተቀረጸ ትወና) ታገኙ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን አይደግመውም፣ ማታም እንቅልፍ ይነሣዋል። በትዝታው ፋንታ ሥራ ስጡት፦ ደብዳቤውን አጣጥፈህ ኪስህ ክተት፣ ቁልፉ አልገባ ይበልህ፣ ድምፅህ ሳይንቀጠቀጥ ስሟን ጥራ። ከከባድ ትዕይንት በኋላ 20 ደቂቃ ዕረፍት፣ ውኃና አየር ይኑር፤ «አብሽር» የሚለው ሰውም አጠገቡ ይሁን።

ሕፃንን ደግሞ በቁጣም በውሸትም አታስለቅሱ፤ አያስፈልግም። ሩሲያዊው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የተዋናዩን የሞዡኪንን አንድ ዓይነት ፊት ከሾርባ ሳሕን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያፈራረቀ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ፊቱ የተለዋወጠ መስሎት ትወናውን አደነቀ ይባላል። ሕፃኑን ግድግዳው ላይ ያሉትን መስመሮች በልቡ እንዲቆጥር ንገሩትና 15 ሰከንድ ቅረጹት። ቀጥላችሁ ባዶውን አልጋ አሳዩ። ቀሪውን ተመልካቹ ይሞላዋል።

እንባ የግድ መታየት ካለበት ለዚሁ የተሠራ የሜንቶል ዱላ አለ፤ ከታችኛው ሽፋሽፍት አንድ ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ በስሱ ይቀባል፣ ወዲያው ዓይንን ያስነባል። ዓይን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። በጉንጭ ላይ ለምትወርድ ጠብታ ግሊሰሪን በጥጥ ጫፍ ይበቃል። ቪክስ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ አትሞክሩ፤ ዓይኑ ቀልቶ ያብጣል፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ትዕይንት አትቀርጹም። ከእያንዳንዱ ቴክ በኋላ ፊቱን በስልክ ፎቶ አንሱት። አለበለዚያ ኤዲት ላይ በግራ ጉንጭ የነበረው እንባ በሚቀጥለው ሾት ጠፍቶ ታገኙታላችሁ።

ልምምዱን ያለ ስሜት አድርጉት፤ መቆሚያው፣ ፎከሱ፣ የእጁ ቦታ ብቻ ይጠና። ሲቀረጽ ፊቱን ከቅርብ የሚያሳየውን ክሎዝ አፕ አስቀድሙ። የተለመደው ከሰፊው ሾት መጀመር ነው፤ ግን ተዋናዩ ስሜቱን በሰፊው ሾት ጨርሶ አራተኛው ቴክ ላይ ፊቱ ይደርቃል። 50 ወይም 85 ሚሊ ሌንስ ይዛችሁ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ራቁ። አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ) እስከ 1.4 አትክፈቱት፤ ተዋናዩ ትንሽ ጎንበስ ሲል ዓይኑ ከፎከስ ይወጣል፤ 2.8 ይሻላል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት፤ ካልሆነ መብራቱ ምስሉ ላይ ይርገበገባል።

ደሴ ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ለፊት የሚሆን ለስላሳ ብርሃን ይሰጣችኋል፤ ግን ሳይታሰብ ይገለጣል። በጉም የጀመራችሁትን ትዕይንት በጉም ጨርሱ፣ ካልሆነ ነገ ተመለሱ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ የዓይን ጉድጓድን ያጠቁራል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። የሁለቱን ከተማ ምስል እንደ አንድ ሰፈር አድርጋችሁ ስትቀጥሉ የተዋናዩን ትንፋሽ ተመልከቱ። የደሴ ጠዋት ከአፉ እንፋሎት ያወጣል፣ የኮምቦልቻው አያወጣም።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። የደበዘዘ ምስል ላይ ሰው ያለቅሳል፤ የማይሰማ ሹክሹክታ ላይ ግን አያለቅስም። ማይኩ ከአፍ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ይሁን። ንግግሩ ከፍ ሲል በመቅጃው መለኪያ ከ-12 (ከዜሮ በታች 12) ዲሲቤል አይለፍ፤ ሲቃ ሲመጣ ድምፁ በድንገት ስለሚዘል፣ መቅጃችሁ የሚፈቅድ ከሆነ 10 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ሁለተኛ ትራክ አብራችሁ ቅዱ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በዝናብ አትቅረጹ። አዛን ወይም ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ቆማችሁ ጠብቁ፤ ቀጥላችሁ ከቀረጻችሁ ንግግሩን በቆረጣችሁ ቁጥር አዛኑም አብሮ ይቆረጣል፣ ያ ደግሞ ምእመኑንም ያስቀይማል። ከእያንዳንዱ ክፍል ወጥታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የአንድ ደቂቃ ባዶ ድምፅ ቅዱ። በኋላ የምታሳዩት ጸጥታ የሚሠራው በእሱ ነው።

ስለ ሙዚቃ ስናገር ትንሽ እቆጫለሁ። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ የእኛው የወሎ አገር ስም የተሸከሙ ናቸው፤ ትዝታና አንቺ ሆዬም እዚሁ በየቤቱ ይንጎራጎራሉ። ይህ ሁሉ እያለ የሐዘን ትዕይንታችን በባዕድ ፒያኖ ይታጀባል። አንድ መሰንቆ ተጫዋች ፈልጉ፣ በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ክፍያውን ስጡት፣ ምስሉን እያየ ይጫወት። ግጥም ያለው ዘፈን ከንግግር በታች አታስገቡ፤ ሁለት ቃል ባንድ ጊዜ አይሰማም። ሙዚቃው ከተመልካቹ አይቅደም። መርዶው ከተነገረ በኋላ 5 ወይም 6 ሰከንድ ጸጥታ ይለፍ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ከንግግሩም 15 ዲሲቤል ያህል ይውረድ። ቀድሞ ከገባ «አሁን አልቅሱ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል፣ ሰውም ይቋቋመዋል።

የቀብሩን ሥርዓት አትገምቱ። የሙስሊም ቀብር እያሳያችሁ ሬሳ ሣጥን ካስገባችሁ የደሴ ተመልካች ያኔውኑ ከፊልሙ ይወጣል፤ ጀናዛው በከፈን ተጠቅልሎ በቃሬዛ ነው የሚሄደው፣ ቀብሩም አይዘገይም። የክርስቲያኑም ከፍትሐቱ ጀምሮ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው ቦታ ቦታ አለው። ድርሰቱን ለቅሬው አንድ ሽማግሌ አንብቡላቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስሕተታችሁን ያርሙላችኋል። የእውነተኛ ሰው ለቅሶ ግን ካሜራ ይዛችሁ አትግቡበት።

ኤዲት ላይ ስትቀመጡ የዋልተር መርችን ሚዛን አስቡ። ይህ ታላቅ ኤዲተር መቁረጫ ቦታ ሲመረጥ ለስሜት 51 በመቶ ዋጋ ይሰጣል፤ ታሪኩ፣ ምቱ፣ የዓይን አቅጣጫው፣ የቦታው መያያዝ ቀሪውን ይከፋፈላሉ። ስለዚህ ስሜቱ ትክክል ሆኖ እጁ ትንሽ ባይገጥም ስሜቱን ያዙ። የሚናገረውን ሳይሆን የሚሰማውን ሰው ፊት አሳዩ፤ «ይበቃል» ካላችሁ በኋላም ግማሽ ሰከንድ ጨምሩበት። ሁለት የለቅሶ ትዕይንት አታከታትሉ፤ በመካከላቸው 20 ወይም 30 ሰከንድ ቃል የሌለበት ነገር ይግባ፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ፣ የሚታጠብ ስኒ።

በመጨረሻም ፊልሙን ከመልቀቃችሁ በፊት ታሪኩን የማያውቁ አሥር ሰዎች ሰብስባችሁ አሳዩ፤ ዘመድ አይሁኑ። እናንተ ጎን ላይ ተቀምጣችሁ ስክሪኑን ትታችሁ ፊታቸውን እዩ። ሰው ሊያለቅስ ሲል መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ምራቁን ይውጣል። ስልኩን ካወጣ ወይም ወንበሩን ካመቻቸ ደቂቃውን መዝግቡ። ሲያልቅ «አለቀሳችሁ?» አትበሏቸው፤ ያዩትን እንዲተርኩላችሁ ጠይቁ። ዳቦውን ሳያነሡ ከተረኩ ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ነው፤ ዳቦውን አንሥተው ካላለቀሱ ግን የለቅሶው ትዕይንት ረዝሟል፣ ሲሶውን ቁረጡት። ለሁለተኛው ሙከራ እነዚያኑ ሰዎች አትጥሩ፤ ሌላ አሥር ፈልጉ።