የኮሌጅ ስፖርተኞች በሠራተኛ ማኅበር ሊደራጁ ይገባልን?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ በሩጫ ችሎታው ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ይማራል። በቅርቡ በስልክ ስንነጋገር፣ የቡድን ጓደኞቹ እንደ ሠራተኛ ተቆጥረው በማኅበር ስለ መደራጀት እየተከራከሩ መሆኑን ነገረኝ። ሳይከፍሉ መማር በራሱ ትልቅ ስጦታ አይደለምን? ተማሪ የሆነ ሰው ከገዛ ኮሌጁ ጋር እንደ ሠራተኛና አሠሪ ሊደራደር ይገባዋልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «ስጦታ» ካሉት ቃል ልጀምር። ስጦታ በተቀባዩ ላይ ግዴታ አያስከትልም፤ ለስፖርት የሚሰጥ የትምህርት ዕድል ግን ተቀባዩ በተወሰነለት ሰዓት እንዲለማመድ፣ በታዘዘበት ስፍራ እንዲወዳደርና ለአሠልጣኙ እንዲታዘዝ ያስገድደዋል፤ በገዛ ፈቃዱ ቡድኑን ቢተው ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ይህ ስጦታ ሳይሆን ውል ነው፤ ውል ባለበት ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ስለ ይዘቱ ሊነጋገሩበት ይገባል። ስለዚህ ስፖርተኞቹ በማኅበር የመደራጀት መብት ሊኖራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ በሕግ ፊት በግልጽ የተፈተነው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዚያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ለመደራጀት ሲያመለክቱ፣ የሠራተኞችን የመደራጀት ጥያቄ የሚመለከተው የአሜሪካ መንግሥት አካል የሆነው የብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የቺካጎ ዳይሬክተር በመጋቢት ወር ነፃ የትምህርት ዕድል ያላቸው ተጫዋቾች ሠራተኞች ናቸው ሲሉ ወሰኑ። ውሳኔው የተመሠረተው በተጫዋቾቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ ነው። በውድድር ወቅት በሳምንት ከ40 እስከ 50 ሰዓት ለስፖርቱ ያውሉ ነበር፤ ከክፍል ውጭ ሥራ ለመያዝ ወይም ከጋዜጠኛ ጋር ለመነጋገር እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ጥያቄያቸው በዋናነት ደመወዝ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ በጨዋታ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምና ወጪ እንዲሸፈን፣ የጭንቅላት ጉዳት እንዲቀንስና የተጎዳ ተጫዋች የትምህርት ዕድሉን እንዳይነጠቅ ነበር የፈለጉት። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ በሃያ ዓመቱ ጉልበቱ የተሰበረ ወጣት ሕመሙን ይዞ የሚኖረው ኮሌጁን ከለቀቀ በኋላም ነውና።

ኮሌጆቹ ለስፖርተኞቻቸው የሚጠቀሙበት «ተማሪ አትሌት» የሚለው ስያሜም ከዚሁ የጉዳት ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። የኮሌጆችን ውድድር የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር ቃሉን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን፣ በወቅቱ የተጎዱ ተጫዋቾች እንደ ሠራተኛ ተቆጥረው ካሳ እንዳይጠይቁ ሥጋት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1955 በጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ የሞተ የአንድ ኮሌጅ ተጫዋች ባለቤት የሞት ካሳ ጠይቃ፣ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ጥያቄዋን ውድቅ አድርጎባታል።

የኖርዝዌስተርን ተጫዋቾች ድምፅ ቢሰጡም ኮሮጆው ሳይከፈት ቀረ። በነሐሴ 2015 የቦርዱ አባላት ሠራተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ሳይመልሱ፣ በጉዳዩ ላይ ሥልጣናቸውን እንደማይጠቀሙ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። ቦርዱ የሚመራበት እ.ኤ.አ. የ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የሚሠራው በግል አሠሪዎች ላይ ሲሆን፣ በከፍተኛው የፉትቦል ደረጃ ከሚወዳደሩት ወደ 125 ከሚጠጉ ኮሌጆች መካከል የግል የነበሩት 17 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የመንግሥት ስለሆኑ በየግዛታቸው ሕግ ይመራሉ። በአንድ ሊግ ውስጥ አንዱ ቡድን ተደራጅቶ ሌላው ሳይደራጅ መወዳደር እንደሚያስቸግር እቀበላለሁ። ነገር ግን ይህ ሕጉን ለማስተካከል እንጂ መብቱን ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የዳርትመዝ ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድንም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ኮሌጁ የስፖርት የትምህርት ዕድል ባይሰጥም፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የቦርዱ የቦስተን ዳይሬክተር ተጫዋቾቹ ሠራተኞች ናቸው አሉ፤ ቡድኑ ትርፍ ማምጣት አለማምጣቱም ውሳኔያቸውን አልለወጠውም። ተጫዋቾቹ በመጋቢት 13 ለ 2 በሆነ ድምፅ መደራጀትን መረጡ፤ ኮሌጁ ግን አልደራደርም አለ፤ የመደራጀት ማመልከቻውም በዚያው ዓመት ማብቂያ በማኅበሩ ተመልሶ ተወሰደ።

ገንዘቡ እስከዚያ ድረስ ሌላ መንገድ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ስፖርተኞች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለስፖርተኞቹ እንዲያካፍል ፈቅዷል። ይህ ጣሪያ የተቀመጠው በክስ ስምምነት እንጂ ስፖርተኞቹ በመረጧቸው ተወካዮች የኅብረት ድርድር አይደለም። በባለሙያ ሊጎች ያለው የደመወዝ ጣሪያ ከፀረ ሞኖፖሊ ክስ የተጠበቀው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በድርድር በመወሰኑ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በፀረ ሞኖፖሊ ክስ የኮሌጆችን ውድድር በሚመራው ብሔራዊ ማኅበር ላይ በአንድ ድምፅ ሲፈርድም፣ ዳኛ ብሬት ካቫኖ ከውሳኔው ጋር ተስማምተው ለብቻቸው በጻፉት አስተያየት የኅብረት ድርድርን እንደ አንድ መፍትሔ ጠቅሰውታል። ስለዚህ ከማያባራው ክስ ለመገላገል የሚፈልጉት ኮሌጆች ራሳቸው ከማኅበሩ ይጠቀማሉ።

የእህትዎን ልጅ በተመለከተ ግን ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ሥጋት አለ። የውጭ ተማሪ በተማሪ ቪዛ ላይ ሳለ በትምህርት ወቅት በኮሌጁ ቅጥር ግቢ ሊሠራ የሚፈቀድለት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ልምምድና ውድድር በሙሉ እንደ ሥራ ቢቆጠር ሰዓቱ በቀላሉ ከዚህ ያልፋል፤ ስለዚህ ለአገሩ ተወላጅ ጥቅም የሆነው ውሳኔ ለእርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከሕግ አውጪዎች ጋር አስቀድሞ ማንሳት ከማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሊሆን ይገባል። እርሱም በምንም ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤትና ከኮሌጁ ነፃ የሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ በስብሰባዎቹ ላይ ግን ይገኝ፣ የቪዛውንም ጉዳይ ራሱ ለጓደኞቹ ያስረዳቸው።