ኦሪጅናል ዲግሪሽን እንዳትሰጪያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ደሴ ፒያሳ ያለ ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ኮምቦልቻ ንብረት ክፍል ሊያስገባሽ 600 ብር መመዝገቢያና የመጀመሪያ ወር ደሞዝሽን ግማሽ ጠይቆሻል። «እነሱስ ታዲያ በምን ይኖራሉ?» ብለሽ አዝነሽላቸዋል። አብሽሪ፣ አትዘኚላቸው። እኔም በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ እንዳንቺው አዝኜላቸው ከፍያለሁ።

1ኛ. የሚከፍላቸው ቀጣሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኘው ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል የለበትም ይላል። መመዝገቢያ በይው፣ የፎርም በይው፣ ያው ነው። ገቢያቸው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ፣ ሰው አገናኝተው ይወጣሉ፣ ድርጅቱም አንዴ ይከፍላቸዋል። ሌላው፣ ራሳቸው ቀጥረው ለድርጅቱ ያሠሩሻል። ጥበቃና ጽዳት ብዙው እንዲህ ነው። ድርጅቱ በየወሩ በነፍስ ወከፍ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው የራሱን አስቀርቶ የተረፈውን ደሞዝ ብሎ ይሰጥሻል።

2ኛ. ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት «ቀጣሪዬ ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ አልጠየቅኩም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ገባሁ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ የሆንኩ መስሎኝ ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ አበሰርኳት። በአራተኛው ወር ፋይናንስ ክፍል ሰነድ ላደርስ ስገባ የኤጀንሲው የክፍያ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከስሜ ትይዩ 8,200 ብር። እጄ ላይ የሚደርሰው 4,700። ወላሂ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ከድርጅቱ መቀበሉ ሥራቸው ነው፣ ይቀበሉ። ያቃጠለኝ ከእኔም የመጀመሪያ ወር ደሞዜን ግማሽ መውሰዳቸው ነው። ከሁለት በኩል በሉ።

3ኛ. ይህን ከሁሉም በላይ ያዢው። ኦሪጅናል ማስረጃሽን ጥለሽላቸው እንዳትወጪ። «ለማመሳከር ነው» ካሉሽ እዚያው ፊትሽ አመሳክረው ይመልሱልሽ። እኔ ሰጠሁ። ልጅቷ ዲግሪዬን ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ከትታ መሳቢያውን ስትቆልፍ እያየሁ አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንደያዙት የገባኝ በኋላ ነው። ከድርጅቱ ጋር የተዋዋሉት ሠራተኛ ቢወጣባቸው ሌላ በነፃ ሊተኩ ነው። ስለዚህ እንዳልሄድ በወረቀቴ አሰሩኝ።

በሰባተኛው ወር ፋብሪካው ራሱ ቋሚ የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ። ምዝገባው አምስት ቀን ብቻ፣ ኦሪጅናል ይዞ መቅረብ ግዴታ። የዚያኑ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ደሴ ወጣሁ። ልጅቷ ስልኳን እየነካካች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ ነገ ነይ» አለችኝ። ነገ ሄድኩ። ከነገ ወዲያም ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ተገኘና «ውል አፍርሰሽ ልትሄጂ ከሆነ የሦስት ወር ደሞዝ ክፈይ» አለኝ፣ ሰው በተሞላ ቢሮ፣ እየጮኸ። አምስቱ ቀን አለቀ። ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው። ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ሆዴ ይላወሳል።

ግን አልተውኳቸውም። አዋጁን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ ኤጀንሲን የሚመለከተውን ቦታ በቢጫ አስምሬበት፣ ማመልከቻ ጽፌ የሥራ ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሰውዬ «በስምምነት ጨርሱ» ብሎ ሊሸኘኝ ነበር። አልወጣም አልኩ። አጠገቡ የነበሩት ጠና ያሉ ሰው ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡትና ስልክ አነሱ። በሦስተኛው ቀን ዲግሪዬ ተመለሰልኝ፣ አንዱ ጥግ ታጥፎ። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም።

ገንዘቤ ግን ቀረ። ደረሰኝ ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝ ከደብተር የተቀደደ ብጣሽ ነበር፣ ማህተም የለው፣ የተቀባይ ስም የለው። በምን ላስረዳ? አንቺ ጭራሽ አትክፈዪ። ፈቃዳቸው የታደሰ መሆኑንም እዚያው ቢሮ ጠይቂ።

ስለ ታናሽሽ የአረብ አገር ጉዞ ላነሳሽው፣ እሱ በሌላ አዋጅ ነው የሚታየው፣ በ923/2008፣ በ2013 በተሻሻለው። የኤጀንሲውን የአገልግሎት ክፍያ፣ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን አሠሪው ይችላል። ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና ከወንጀል ነፃ የሚለው ማስረጃ በእሷ ነው። ትኬት ክፈዪ ያላት ካለ ትጠንቀቅ።

እኔ አሁን ያለሁበትን ሥራ ማስታወቂያ አይቼ፣ ራሴ ተፈትኜ ነው ያገኘሁት፣ ለማንም አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። ነገ ቢሯቸው ከሄድሽ ምንም ሳትፈርሚ ፎርሙን ፎቶ አንሺውና በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከሥራ ስወጣ አብረን እናነበዋለን።