የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጡረታ የወጣ የጦር መርከብ እንዴት ይታደሳል? ለአደጋ ጊዜስ ይሆናል?

በዚህ ዕትም ስለ አሮጌ የጦር መርከቦች ከተላኩልን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። "ዓ.ም" ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ (ከሂዩስተን፣ ቴክሳስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ሳን ሃሲንቶ ቆማ የነበረችውን "ቴክሳስ" የተባለችውን የጦር መርከብ ልጆቼን ይዤ ብዙ ጊዜ ጎብኝቻለሁ። ላይዋ ደህና ነበር የሚመስለው። ታዲያ ለዓመታት መዘጋቷና ያን ሁሉ ገንዘብ መጨረሷ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጎብኚ የሚያየው መድፉንና ጣውላውን ነው። የታመመው ግን ከውሃው መስመር በታች ያለው ላሜራ ነበር። "ቴክሳስ" አገልግሎት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው፤ ቤተ መዘክር ከሆነች ደግሞ ከ1948 ጀምሮ ነው። በ1920ዎቹ ከቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ተወርውሮ መርከብ ከሚመታ ፈንጂ) እንዲጠብቋት በሁለቱም ጎኖቿ ላይ ሆድ መሰል ባዶ ክፍሎች ተጨምረውላት ነበር። ጠባብና ጨለማ ስለሆኑ ሠራተኛ ገብቶ ዝገት ፍቆ ቀለም የሚቀባባቸው አይደሉም። ዝገቱ ከውጭም ከውስጥም በላቸው።

ብረት ፈጥኖ የሚያልቀው ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ባለው ቦታ ላይ ሳይሆን፣ እርጥበትና አየር በሚፈራረቁበት በውሃው መስመር አካባቢ ነው። ሁለተኛው ጠላት ከላይ የሚመጣው ዝናብ ነው። በ1968 የ"ቴክሳስ" የመርከብ ወለል ጣውላ ተነሥቶ በኮንክሪት ተተካ። ኮንክሪቱ ተሰነጠቀ፤ ዝናቡም በስንጥቁ እየገባ ከሥሩ ያለውን ብረትና የታች ክፍሎቹን አበሰበሰ። ያ ኮንክሪት የተነሣው ከ1988 እስከ 1990 በተደረገው ጥገና ነው። አሮጌ መርከብ የተረከበ ሰው መጀመሪያ ማፍሰሻዎቹን ይጥረግ፣ ወለሉን ይድፈን፤ ኤግዚቢሽኑ ይቆየው። በዚህ ላይ አንደራደርም፤ ብዙ ቤተ መዘክሮች የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን በመገልበጥ ነው።

ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚያስገባ ለመገመት ይህን ልብ ይበሉ። ከውሃው ወለል 3 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር ብቻ የሆነ ክብ ቀዳዳ በደቂቃ ከ500 ሊትር በላይ ያስገባል። አንዲት የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል ቀዳዳ ማለት ነው። በ2017 "ቴክሳስ" በአንድ ቀዳዳ ምክንያት 6 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ነበር። በ2022 ሚያዝያ ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ወደብ የቆመችው "ዘ ሰሊቫንስ" የተባለች የጦር መርከብ ውሃ ገብቶባት በከፊል ሰጠመች። ስለዚህ ውሃ ከፍ ሲል በራሱ የሚነሣ ፓምፕ በእያንዳንዱ የታች ክፍል ያስፈልጋል፤ መብራት ቢጠፋ የሚሠራ ሌላ የኃይል ምንጭና ለጠባቂ የሚደውል ማንቂያም እንዲሁ። ፓምፑ በቀን ስንት ጊዜ እንደተነሣ የሚመዘግብ ቆጣሪ ይግጠሙለት። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ከጨመረ፣ ዓይን ሳያየው የሰፋ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

መርከቡ ቆሞ ሳለ ጊዜያዊ ድፍን እንዲህ ይሠራል። ጠላቂ ዋናተኛ ከውጭ በእንጨት ውታፍ ወይም ጎማ በለበሰ ላሜራ ፍሰቱን ይቀንሳል። ከውስጥ ብረቱ እስኪያበራ ይፈቀፈቃል፣ በቀዳዳው ዙሪያ የእንጨት ሣጥን ይሠራል፣ ቶሎ የሚያደርቅ መድኃኒት የተጨመረበት ሲሚንቶ (1 እጅ ሲሚንቶ ለ2 እጅ አሸዋ) ይሞላል። ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ ከቀዳዳው ተነሥቶ ሣጥኑን አልፎ የሚወጣ አጭር ቱቦ። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ሾልኮ የሚመጣው ውሃ በቱቦው ይወጣል፤ ከጠነከረ በኋላ ቱቦው በቡሽ ወይም በቫልቭ ይዘጋል። ቱቦው ከሌለ ውሃው ያልደረቀውን ሲሚንቶ ጠርምሶት ይወጣል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ድራይ ዶክ ነው፤ ማለትም መርከቡ ከውሃ ወጥቶ በድጋፍ ግንድ ላይ የሚያርፍበት መጠገኛ። "ቴክሳስ" እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2022 ወደ ጋልቭስተን ተጎተተች። በጉዞው እንዳትሰጥም ጎኖቿ ውስጥ የሚጠነክር ፎም ተሞልቶ ነበር። የቴክሳስ ግዛት 35 ሚሊዮን ዶላር መድቦላት፣ ከ700 ቶን በላይ ብረት ከተቀየረላት በኋላ በመጋቢት 2024 እንደገና ተንሳፈፈች። ሥራው የሚጀምረው የላሜራውን ውፍረት በድምፅ ሞገድ በሚለካ መሣሪያ ነጥብ በነጥብ በመለካት ነው። በመርከብ ምርመራ ከመጀመሪያው ውፍረት ሩብ ያህሉን ያጣ ላሜራ ተቆርጦ መውጣት አለበት። በላዩ ሌላ ላሜራ መለጠፍ ርካሽ ቢመስልም በሁለቱ መሐል እርጥበት ታፍኖ ይቀራል፤ የሳሳውም ብረት በብየዳው ይበሳል።

የ"ቴክሳስ" ላሜራዎች በሪቬት (በሁለቱም ጫፉ ተቀጥቅጦ ላሜራ ከላሜራ በሚያያይዝ የብረት ችንካር) የተያያዙ መሆናቸው ሌላ ችግር ነው። አጠገቡ ሲበየድ ሙቀቱ ሪቬቱን ያላላዋል፤ ትናንት ደረቅ የነበረው መጋጠሚያ ዛሬ ያነባል። በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ ቆርጦ መክፈትም አይቻልም፤ መርከቡ በራሱ ክብደት ይጣመማል። በመቁረጫ እሳት ከመነካቱ በፊት እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለም ከመቁረጫው መስመር በሁለቱም በኩል 10 ሴንቲሜትር ያህል ይፋቃል፤ አለዚያ ጭሱ በያጁን ይመርዘዋል። ዘይት የነበረበት ክፍል በጋዝ መለኪያ ሳይፈተሽ እሳት አይገባበትም። ብረቱ በአሸዋ ግፊት ከጸዳ በኋላ አንቲረስቱ በዚያው ቀን መቀባት አለበት፤ የብረቱ ሙቀትም ጤዛ ከሚቋጥርበት ነጥብ ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይብለጥ። እንደ ጋልቭስተን ባለ እርጥበታማ ወደብ ይህን የዘለለ ቀለም በሁለተኛው ዓመት ይላጣል።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ ሳን ፔድሮ ወደብ ያለችው "አዮዋ" የተባለች የጦር መርከብ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢደርስ ለከተማው መብራትና መጠለያ መስጠት ትችላለች ሲባል ሰማሁ። እውነት ይቻላል?

መልስ፦ ግማሹ ይቻላል፤ መብራቱ ግን አይሆንም።

"አዮዋ" ስትሠራ እያንዳንዳቸው 1,250 ኪሎዋት የሚያመነጩ ስምንት የእንፋሎት ጄኔሬተሮች ነበሯት፤ በድምሩ 10,000 ኪሎዋት ማለት ነው። ታሪክም አስረጂ አለው፦ በ1929 መጨረሻ ድርቅ የታኮማን ከተማ የውሃ ኃይል ሲያዳክመው፣ "ሌክሲንግተን" የተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ለአንድ ወር ያህል ለከተማዋ ኤሌክትሪክ ሰጥታለች። ነገር ግን "ሌክሲንግተን" ያኔ በሥራ ላይ የነበረች፣ መሐንዲሶችና ነዳጅ የነበራት መርከብ ናት። "አዮዋ" በ1990 ከአገልግሎት ወጥታለች፣ ከ2012 ሐምሌ ጀምሮ ቤተ መዘክር ናት።  ቦይለሮቹን፣ ማለትም ውሃ አፍልተው ለጄኔሬተሮቹ እንፋሎት የሚሰጡትን፣ ማስነሣት የቱቦ ፍተሻ፣ የተጣራ ውሃ፣ የሠለጠነ ሠራተኛና አስቤስቶስ (ሳንባ የሚጎዳ አሮጌ የሙቀት መከላከያ) ማጽዳት ይጠይቃል። በዚያ ገንዘብ ብዙ የናፍጣ ጄኔሬተር ይገዛል።

መርከቧ የምትሰጠው ጠንካራ ጣሪያ፣ የተከፋፈሉ ክፍሎች፣ ወጥ ቤት፣ የመገናኛ ክፍሎችና ኋላ ላይ ያለውን የሄሊኮፕተር ማረፊያ ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በኒው ዮርክ የቆመችው ቤተ መዘክር "ኢንትሬፒድ" ለፌዴራል መርማሪዎች የሥራ ማዕከል ሆና አገልግላለች። እንዲህ ላለ ሥራ "አዮዋ" ትመቻለች።

ለ300 ሰው መጠለያ ትሁን ቢባል ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በሰብአዊ እርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ስፍራ ስለሚያስፈልግ፣ ወደ 1,050 ካሬ ሜትር ይፈለጋል። ውሃው በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ቢሰላ 4,500 ሊትር ነው፤ ለሦስት ቀን 13,500። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቢታሰብ 15 ይሆናል፤ የከተማው ፍሳሽ መስመር ሊሰበር ስለሚችልም ወደ 12,000 ሊትር የሚይዝ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ለመብራት፣ ለአየር ማዘዋወሪያና ለማብሰያ 100 ኪሎዋት ቢበቃ፣ ጄኔሬተሩ በሰዓት ወደ 28 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ በ72 ሰዓት 2,000 ሊትር ገደማ።

የሚከሽፈው ግን ይህ አይደለም፤ መዳረሻው ነው። መርከቡ ራሱ ውሃ ላይ ስላለ እንደ ሕንፃ አይንቀጠቀጥም። ወደቡ ግን በከፊል በሙሌት አፈር ላይ የተሠራ ነው፤ የፓሎስ ቨርዴስ የመሬት ስንጥቅም በዚያው አካባቢ ያልፋል። ሳይተጣጠፍ የተገጠመ የውሃና የመብራት መስመር ይበጠሳል፣ መሸጋገሪያ ድልድዩም ይወድቃል። ስለዚህ መስመሮቹ ተጣጣፊ፣ ማያያዣዎቹ በእጅ የሚፈቱ፣ የድልድዩም ጫፍ በጎማ እግር ላይ የሚንሸራተት መሆን አለበት። የሱናሚ ማስጠንቀቂያ እስኪነሣ ማንም አይግባባት። በመጋቢት 2011 የጃፓኑ ሱናሚ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሳንታ ክሩዝንና የክሬሰንት ሲቲን ወደቦች አውድሟል።

አዛውንትና ቁስለኛ ከዋናው ወለል በታች አይውረዱ፤ መሰላሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ቃሬዛ በቀላሉ አያስገቡም። መስኮት የሌላቸው ክፍሎች ማራገቢያ ከቆመባቸው አየራቸው ይታፈናል። የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫም ነፋስ ወደ አየር ማስገቢያው በማይመልስበት ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የእኛዋ "ኢትዮጵያ" የተባለችው የባሕር ኃይል መርከብስ ቤተ መዘክር መሆን አትችልም ነበር? አፄ ኃይለ ሥላሴ ሩዝቬልትን ያገኙባት መርከብስ አለች?

መልስ፦ "ኢትዮጵያ" በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ "ኦርካ" ተብላ የተሠራች የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ መርከብ ነበረች። በ1962 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተሰጠች፣ በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለብረቷ ተሸጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበር፤ ለቤተ መዘክር የሚመች፣ ወጪዋም ከግዙፎቹ የሚያንስ። አለመቅረቷ ያሳዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ ሩዝቬልትን ያገኙባት ክሩዘር "ኩዊንሲ"ም ተቆራርጣ ለብረት ሆናለች። ከሁለቱም የሚቀረን ፎቶግራፍና የመዝገብ ወረቀት ነው። በባሕር ኃይላችን ያገለገሉ አባቶች እጅ ያለው ደወል፣ ባንዲራ፣ የማዕረግ ምልክት ካለ በእርጥበት ሳይበላ በደረቅ ሣጥን ይቀመጥ፤ የማንና የመቼ እንደሆነም በወረቀት ይጻፍለት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ጣና ላይ የምትሠራ አሮጌ የብረት ጀልባ አለችን። በወደብ ከተማ መርከብ ላይ ዚንክ እየለጠፉ ከዝገት ያድኑታል ሲባል ሰምተን ገጠምን፤ ዝገቱ ግን አልቆመም።

መልስ፦ ዚንክ በብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ ብረቱን የሚያድነው በጨው ውሃ ነው። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ ዚንኩ ገጽታውን ቅርፊት ይይዘውና ሥራ ያቆማል። ለሐይቅ የሚሆነው ማግኒዥየም ነው። ሲገጠም ሦስት ነገር ይጠንቀቁ፦ ከብረቱ ጋር ብረት ለብረት ይነካካ (በቀለም ላይ በብሎን ማሰር ዋጋ የለውም)፣ ማግኒዥየሙ ራሱ ፈጽሞ ቀለም አይቀባ፣ ግማሹ ሲያልቅ ይለወጥ። መሥራቱን ለማወቅ በቴስተርና በመዳብ ሰልፌት መለኪያ ዘንግ ሲለካ የጀልባዋ ብረት ከ-0.85 ቮልት የበለጠ ወደ ኔጋቲቭ መውረድ አለበት። በማግኒዥየሙ ዙሪያ ቀለሙ ካበጠና ከተላጠ ግን በዝቷል ማለት ነውና ቁጥሩን ይቀንሱ። ጀልባዋ የአሉሚኒየም ክፍል ካላት ማግኒዥየም ከማቅረብዎ በፊት ይጻፉልን።