አፍንጫ የማይደርስበት ነዳጅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በውኃ፣ በአፈርና በታመቀ አየር ውስጥ የተደበቀ ጥቂት ነዳጅና ዘይት መፈለግ ሥራዬ ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጠየቃችሁ። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ጉድጓዳችን ከነዳጅ ማደያ አጠገብ ነው። ውኃውን አሸተትነው፣ ቀመስነው፤ ምንም የለውም። እንጠጣው?

ሳታስመረምሩ አትጠጡት። እዚህ ላይ አፍንጫ አይታመንም።

ቤንዚን ስንል ሁለት ነገር ይምታታብናል። አንዱ መኪና ውስጥ የምንሞላው ነው፤ የብዙ ውህዶች ድብልቅ። ሌላው በዚያ ድብልቅ ውስጥ ያለ አንድ ውህድ ነው። ለመለየት እንዲመቸን ሁለተኛውን ቤንዝን ልበለው። የደም ካንሰር የሚያስከትለው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ሰው ውኃ ውስጥ መኖሩን አሽትቶ የሚለየው ግን በሊትር 10 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ነው። አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው! አፍንጫችሁ «አለ» ካላችሁ እመኑት። «የለም» ካላችሁ አትመኑት።

መጠኑን ለመገመት ይህን አስቡ። 1 በመቶ ቤንዝን ያለበት አንድ ሊትር ነዳጅ ወደ 9 ግራም የሚጠጋ ቤንዝን ይይዛል። ያ ሁሉ ውኃ ውስጥ ቢሟሟ 880 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ እስከ ጣሪያው ያደርሳል። ስለዚህ «ትንሽ ነው የፈሰሰው» ሲባል አልረጋጋም።

ጥያቄ፦ እናፈላዋለን። ውኃ አጋርም እንጨምራለን። አይበቃም?

ለተቅማጥና ለታይፎይድ ጥሩ አድርጋችኋል። ለነዳጅ ግን አይሆንም። ውኃ አጋር ክሎሪን ነው፤ ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅ አያወጣም። ማፍላት ቀላል የሆኑትን ያተናል፣ እውነት ነው። ግን የተነነው የሚሄደው እናንተ ወደምትተነፍሱት የማድቤት አየር ነው። እንደ ናፍጣ ያለው ከባዱ ደግሞ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ውጤት እስኪመጣ ድረስ የመጠጥ ውኃ ከሌላ ቦታ አምጡ።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ይህን ያህል ጥቂት ነገር እንዴት ያያል? (ኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ)

እህቴ፣ የወጥ ድስት ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚደርስሽ ሽታው ነው አይደል? ናሙናውን በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ እናሞቀዋለን። ተንነው የሚወጡት ውህዶች ከውኃው በላይ ባለው ባዶ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚያች አየር ጥቂት በመርፌ ቀድተን ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ እናስገባለን። ውስጡ ያለው ረጅም ቀጭን ቱቦ ውህዶቹን ይለያቸዋል። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይወጣል። መጨረሻ ላይ የሃይድሮጅን ነበልባል ይጠብቃቸዋል። ካርቦን ያለው ነገር ሲቃጠል ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እሷን ነው የምንለካው። ነበልባሉ መጠን ይነግርሻል እንጂ ስም አይነግርሽም። ማንነቱን በእርግጠኝነት ለማወቅ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ውህዶችን በቅንጣቶቻቸው ክብደት የሚለይ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ናሙናውን በሃይላንድ ይዤ ልምጣ?

እባክዎ አይሆንም። በዚህ ሥራ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ከመሣሪያው በፊት ነው። ፕላስቲክ ነዳጅ ይመጥጣል፣ የራሱንም ነገር ወደ ውኃው ይለቃል። ከላቦራቶሪው ለዚሁ የተዘጋጀ ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ይቀበሉ። አንዲት የአየር አረፋ እንዳትቀር እስከ አፉ ይሙሉት። አረፋ ካለች ቤንዝኑ ወደ እሷ ይሸሻል፤ ክዳኑ ሲከፈት ያመልጣል። ጠርሙሱ ውስጥ አሲድ ጠብ ተደርጎ ከሆነ አያጥቡት፤ ባክቴሪያ ናሙናውን እንዳይበላው ነው። በበረዶ ይያዙት። የነዳጅ ጄሪካን ካለበት መኪና ጋር ደግሞ በጭራሽ አይጫን።

እኔም ከፍዬበታለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ንጹሕ መሆኑን የማውቀው ውኃ ቶሉይን፣ ማለትም ቤንዚን ውስጥ ያለ ሌላ ውህድ፣ አሳየኝ። ሦስት ቀን መሣሪያውን ስፈታና ስገጥም ቆየሁ። ጥፋቱ ጠርሙሶቹ ላይ ስም የጻፍኩበት ማርከር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ባዶ ናሙና፣ ማለትም አብሮ ተጉዞ የሚመለስ ንጹሕ ውኃ፣ ምንም አልለካም።

ጥያቄ፦ ከተገኘስ በምን ይወጣል?

ለውኃ ሁለት የተፈተኑ መንገዶች አሉ። አንዱ ውኃውን ከላይ እያንጠባጠቡ አየር ከሥር መንፋት ነው። ሌላው አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ልዩ ከሰል ነው። ከሰሉ ቤንዝንን በደንብ ይይዛል። ችግሩ ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ ድምፅ አያሰማም፣ ውኃው ቀለም አይቀይርም።

በ1990 እ.ኤ.አ. ፔሪዬ የተባለው የፈረንሳይ የጋዝ ውኃ ላይ የደረሰው ይህ ነው። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ ውኃውን እንደ ንጹሕ ማነጻጸሪያ ሲጠቀምበት ቤንዝን አገኘበት። በሊትር ከ12 እስከ 20 ማይክሮግራም ገደማ። ምንጩ የሚሰጠው ጋዝ በተፈጥሮው ቤንዝን አለው፤ የሚያስቀሩት ማጣሪያዎች ግን በጊዜ አልተቀየሩም ነበር። 160 ሚሊዮን ጠርሙስ ከገበያ ተሰበሰበ። ለዚህ ነው ሁለት የከሰል ታንክ በተከታታይ አድርጉ የምለው። በመካከላቸው ናሙና መቅጃ ቧንቧ ይኑር። የመጀመሪያው ማሳለፍ ሲጀምር ሁለተኛው ይይዝላችኋል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የዘይት ማጣሪያ አለ። ይበቃል?

ለጠብታ እንጂ ለትነት አይበቃም። ትነት ሆኖ ያለፈው ዘይት ቱቦው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ከማድረቂያው በኋላ የከሰል ማጣሪያ ጨምሩ። ሙቀት የከሰሉን ዕድሜ በጣም ያሳጥራል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋራዣችን ግቢ አፈሩ በዘይት ጠቁሯል። አፈሩን እንጣለው?

የት? ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ማዛወር መፍትሔ አይደለም። አፈር ውስጥ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አየር፣ እርጥበት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከሰጣችኋቸው ይሠራሉ። የጠቆረውን አፈር በወፍራም ላስቲክ ላይ ከምሩ፣ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ፣ በየጊዜው ገልብጡ፣ ከዝናብ ከልሉት። ናፍጣ በዚህ መንገድ በወራት ይቀንሳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ቀርፋፋ ነው፤ ብረታ ብረቱንም ባክቴሪያ አይበላውም። ትዕግሥት ይጠይቃል። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ቤሚጂ አጠገብ በ1979 እ.ኤ.አ. የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ ነበር። ባክቴሪያዎቹ የፈሰሰውን ሲበሉ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። ዘይቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላለቀም።

ጥያቄ፦ ውጤቴ «አልተገኘም» ይላል። ዜሮ ነው ማለት ነው?

አይደለም። መሣሪያው ከሚያየው በታች ነው ማለት ነው። የማየት አቅሙ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። አቅሙ በሊትር 50 ማይክሮግራም ከሆነ፣ ጣሪያው 10 ለሆነው ቤንዝን ያ ወረቀት ምንም አልነገራችሁም። 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ውኃውን ቅዱ።